ዘጠኙ ደረጃዎች

ሐሙስ፣ ጥቅምት 12 ቀን
ከሰዓት በኋላ፣ ካፊያው ካባራ ወዲህ

ለልጄ፣ ለሆዴ፤

ደብዳቤህ ከደረሰኝ አሥራ ዘጠኝ ቀን ሆነው። መልሴ የዘገየው ችላ ብዬህ አይደለም። በደረሰኝ ቀን አንድ ጊዜ አነበብኩት፤ በማግስቱ ሁለት ጊዜ ደገምኩት፤ ከዚያ አጥፌ በመጽሐፍ መጭመቂያዬ ሁለት ሳንቃዎች መካከል አስገባሁትና ጠበቅ አድርጌ አሰርኩት። የምጠግነው ነገር ሁሉ እዚያ ነው የሚያድረው። እጄ ለምዶ ይሆናል።

አንተ ደህና ነህ? ሚስትህስ? ትንሿስ ደረጃ እንዴት ነው የምትወጣው? ይህን አልጻፍክልኝም። ልጅ መጀመሪያ ሁለቱንም እግሩን በአንዱ ደረጃ ላይ ያገጣጥምና ነው ወደሚቀጥለው የሚያልፈው። አንድ ቀን ግን ማንም ሳያስተምረው እግሩን ማፈራረቅ ይጀምራል። አንተ የጀመርክበትን ቀን አስታውሳለሁ። ሙጫ እያማሰልኩ ነበር፤ የእግርህ ድምፅ ሲለወጥ ሰማሁና ለብቻዬ ሳቅሁ። እሷ ገና ካልጀመረች ልብ ብለህ አዳምጥ፤ አንዴ ካለፈ አይመለስም።

እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ደህና ነው፤ ዓይኔ በመነጽር ደህና ነው። ሊሄድ የተነሳው ጆሮዬ ነው።

ባለፈው ወር አንድ ሰው ደረጃውን ሲወጣ ሰማሁና፣ አንተ መስለኸኝ፣ «ግባ ልጄ፣ ክፍት ነው» አልኩ። ገባ። ደብተር የያዘ ጎልማሳ ነው።

«እናቴ፣ ቆጣሪ ላነብ ነው» አለኝ ደንግጦ።

«አንብብ» አልኩት። ሌላ ምን ልበለው? የውሃውን ቆጣሪ አንብቦ ሲወጣ «ልጅዎ ሩቅ ነው እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝ። «ደረጃው ላይ ነው» አልኩት። ከአፌ አመለጠኝ። ሰውዬው ወደ ታች አየ፣ ወደ ላይ አየ፣ ከዚያ ፈጠን ብሎ ወረደ።

በዚህ ምክንያት የጆሮ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ማዳመጫ ደፋልኝና አንድ ቁልፍ በእጄ አስያዘኝ፤ «ድምፅ ሲሰሙ ይጫኑ» አለ። ተጫንኩ። ቆይቼም ተጫንኩ። «እናቴ፣ አሁን እኮ ምንም አልላክሁም» አለኝ። «እኔ ግን ሰምቻለሁ» አልኩት። «ምን ሰሙ?» «ደረጃ የሚወጣ ሰው።» ጻፈ። ምን ብሎ እንደጻፈ አላየሁም።

የሚወጣው አባትህ ነው። አትደንግጥ። ከሞተ ስድስት ዓመቱ እንደሆነ አውቃለሁ፤ አእምሮዬም በቦታው ነው። ግን ከቀትር በኋላ ፀሐይዋ መስኮቱን ስትደገፍ፣ ሙጫው ሲሞቅ፣ የዓይኔ ቆብ ከበድ ከበድ ሲለኝ፣ ከታች ይጀምራል። ቀኝ እግሩ ረገጥ፣ ግራው ሳብ። ይመጣል፣ በበራችን ያልፋል፣ ወደ አንተ ክፍል የሚያወጡትን ዘጠኝ ደረጃዎች ይወጣል፣ ይቆማል። ሲወርድ ሰምቼው አላውቅም፤ እሱን ሳልሰማ እነቃለሁ። ይህን ለምን እንደምነግርህ ኋላ ይገባሃል።

አሁን ወደ ጥያቄህ ልምጣ። እንዲህ ብለሃል፤ «እማ፣ አንድ ነገር ብቻ መልሺልኝ። ያን ቀን ቤት እንደነበርኩ ታውቂ ነበር ወይስ አታውቂም ነበር? ታውቂ ከነበረ ለምን ‹አላውቅም› አልሽ? አታውቂ ከነበረ ደግሞ በልጅነቴ በበሩ መቃን ላይ የቆጠርኩት ሁሉ ከንቱ ነው። እስክትመልሺልኝ ድረስ ልጄን ይዤ ያንን ደረጃ አልወጣም።»

አውቅ ነበር።

እዚህ ላይ ደብዳቤውን አጥፈህ ብታስቀምጠው አልፈርድብህም። ብትቀጥል ግን ለምን «አላውቅም» እንዳልኩ እነግርሃለሁ። ያን ቀን ሌላም ያወቅሁት ነገር አለ፤ እሱን አልጠየቅኸኝም፤ የሚጠየቅ ነገር መኖሩንም አታውቅም። ከመጀመሪያው ልጀምረው። ግማሹን ከእኔ በላይ ታውቀዋለህ፤ ሆኖም ከእኔ አፍ ሰምተኸው አታውቅም፤ ትንሿም አድጋ ታነበው ይሆናል።

እኔ ፊደል የቆጠርኩት በሙጫ ነው። ትምህርት ቤት አልገባሁም። ከመጻሕፍት ቤቱ የተገነጠሉ መጻሕፍት በጆንያ ይመጡልኝ ነበር፤ የትኛው ቅዳድ ከየትኛው እንደሚገጥም ስፈልግ ፊደሎቹን ለየኋቸው፤ ቆይቼ ቃላቱን፣ ቆይቼ ነገሩን። እጄ ሙጫ ውስጥ ስለሚውል ሰው ሲመጣ ተነስቼ ማየት አልችልም፤ ጆሮዬ የሠለጠነው በዚህ መሰለኝ። «መሰለኝ» ነው የምልህ። ክብደቱ ነው እንዳልል፣ አንተና የታችኛው ቤት ልጅ እኩያ ነበራችሁ። ፍጥነቱ ነው እንዳልል፣ አንድ ቀን ትሮጣለህ፣ አንድ ቀን ትጎተታለህ። ሰውዬው ሦስት ደረጃ ሲወጣ ማንነቱ ልቤ ውስጥ ቁጭ ብሎ አገኘዋለሁ፤ ማን እንዳስቀመጠው አላውቅም።

ስምንት ዓመት ሲሆንህ ልትፈትነኝ ተነሳህ። ድምፅህን አጥፍተህ ትወጣለህ፤ እኔ ከውስጥ ማን እንደሆነ እናገራለሁ፤ ካወቅሁ በመቃኑ ላይ በሚስማር የቆመ መስመር ትጭራለህ፣ ከሳትኩ የተጋደመ። የታችኛውን ቤት ልጅ ላክህብኝ፤ አወቅሁት። ዳቦ ሻጩን ለምነህ ላክህብኝ፤ አወቅሁት። አንድ ቀን የአባትህን የሥራ ጫማ አጥልቀህ፣ ቀኙን እየረገጥክ ግራውን እየሳብክ መጣህ።

«ጫማው የአባትህ ነው፤ እግሩ ያንተ ነው፤ ግባና እራትህን ብላ» አልኩህ።

በሩን በርግደህ ገባህ። «እንዴት አወቅሽ?»

«አወቅሁ።»

«እሱ እኮ መልስ አይደለም፣ እማ።»

«እንግዲያ ሌላ የለኝም።»

ጫማው ውስጥ እንደቆምክ ትንሽ አሰብክና «በቃ፤ ካልሳትሽ ምን ቸገረኝ» ብለህ መስመርህን ጫርክ። ከዚያ ወዲህ ስለ ማወቅ የተጻፈ ብዙ አንብቤአለሁ፤ ከዚህ ያጠረ አላገኘሁም።

ጠቅላላው አንድ መቶ አርባ ሁለት የቆመ፣ አንድ የተጋደመ ነው። ትናንት እንደገና ቆጠርኩት። ስለ ተጋደመችዋ ኋላ እነግርሃለሁ።

ያን ቀን ወንዙ ሰማያዊ ነበር። ታስታውሳለህ አይደል፣ የሰፈሩ ሰው የጨርቅ ፋብሪካው ማቅለሚያ ቤት የዋለበትን ቀለም በወንዙ ነበር የሚያውቀው። አንተና አባትህ እዚያ በአንድ የቀለም ገንዳ ላይ ትሠሩ ነበር። እንፋሎቱ ከተከፈተ ገንዳው በሃያ ደቂቃ ውስጥ ስለሚፈላ፣ በምሳ ሰዓት አንድ ሰው ከገንዳው አይለይም። በሰሌዳው ላይ የዚያ ቀን ተራ ያንተ ነበር። አንተን ግን ትኩሳት ያዘህ፤ አባትህ በእጁ ጀርባ ግንባርህን ዳሰሰና «ሂድ ተኛ፣ እኔ አለሁ» አለህ። ይህን ያን ዕለት ማታ ለእኔ ነገርከኝ። ለሌላ ለማንም አልተናገርከውም።

የስድስት ሰዓቱ የፋብሪካ ፊሽካ ጮኾ ሳያበቃ በበራችን አለፍክ። ዘጠኙን ደረጃ ወጣህ፤ አልጋህ ሲጮኽ ሰማሁ። የእንፋሎት መለኪያው ወረቀት እንደሚለው እንፋሎቱ የተከፈተው ስድስት ከሃያ ላይ ነው። ስድስት ከአርባ ላይ ሳቂታው፣ የአባትህ የሥራ ጓደኛ፣ ምሳውን በልቶ ሲመለስ ገንዳው ብቻውን ሲንተከተክ አገኘው። ሊዘጋው እጁን ሲሰድ ገነፈለ። ፊቱ ዳነ፤ ዓይኖቹ ግን ከዚያ ወዲህ ጥላ እንጂ ሰው አያዩም።

በአራተኛው ቀን ከፋብሪካው ጠሩን። መርማሪው ኮሌታው የነጣ፣ ድምፁ የለዘበ ሰው ነበር። አባትህ «ተራው የልጄ ነበር» አለ። እውነት ነው፤ ሰሌዳውም ይህንኑ ይላል። ከዚያ በላይ አልጠየቁትም፤ ከዚያ በላይም አልተናገረም። አንተ «እኔ ከስድስት ሰዓት ጀምሮ ቤት ነበርኩ፤ እናቴን ጠይቁ» አልክ። ስድስት ሰዓት ቤት ከገባህ፣ ስድስት ከሃያ ላይ እንፋሎቱን የከፈተው ሌላ ሰው ነው ማለት ነው። አባትህን ግን አላነሳህም። የነበረህን ሁሉ በእኔ ጆሮ ላይ ጣልከው።

«ልጅዎ ስንት ሰዓት ገባ?» አለኝ።

«ስድስት ሰዓት፣ ፊሽካው እየጮኸ።»

«አዩት?»

«ሰማሁት።»

«ሲናገር?»

«ሲራመድ።»

ጸሐፊው ብዕሩን አቁሞ ቀና አለ። መርማሪው ግን አልሳቀም፤ ቢስቅ ይሻለኝ ነበር። «እናቴ፣ በዚያ ደረጃ የሚወጣው ሰው ብዙ ነው። ያ እግር የልጅዎ መሆኑን በምን አወቁ?»

ጣቴ ላይ የደረቀውን ሙጫ መላጥ ያዝኩ።

«ተሳስተው ያውቃሉ?»

«አንድ ጊዜ» አልኩ።

«ታዲያ ያውቃሉ ነው የምንለው፣ ወይስ ይመስልዎታል?»

አንተን አየሁህ፤ ግድግዳውን ተደግፈህ፣ ገና ትኩሳቱ ሳይለቅህ፣ እንደ ልጅነትህ መልሴን ትጠብቅ ነበር። አባትህን አየሁት፤ መስኮቱ አጠገብ ቆሞ፣ እጁ ላይ እስከ ክርኑ የሰመጠውን ሰማያዊ ቀለም ያያል። «አላውቅም» አልኩ። ብዕሩ ሲጽፍ ሰማሁ።

አንተን ከሥራ አባረሩህ፤ ሰፈሩ ፊት ነሳህ፤ በሁለተኛው ሳምንት ሻንጣህን ይዘህ ወረድክ። አርባ ስድስቱንም ደረጃ ቆጥሬልሃለሁ።

ለብዙ ዓመት ለራሴ የምሰጠው ምክንያት ነበረኝ። በዚያ ሰሞን እጄ የገባ አንድ መጽሐፍ ነበር፤ ሽፋን የለውም፣ ጸሐፊው አይታወቅም። «አወቅሁ ማለት የሚገባው ያወቀበትን ምክንያት ማስረዳት የሚችል ሰው ብቻ ነው፤ በአጋጣሚ እውነት ላይ የወደቀ አላወቀም» ይላል። ደስ ብሎኝ በወረቀት ገልብጬ ከሙጫው ማሰሮ በላይ ለጠፍኩት። ያልተማርኩ ሴት ነኝና የተማሩ ሰዎች ሚዛን የደረሰኝ መሰለኝ። መርማሪው ሲጠይቀኝ ያ ወረቀት በዓይኔ መጣ። ምክንያት የለኝም፤ ስለዚህ አላውቅም፤ ስለዚህ «አላውቅም» ብል ታማኝነት ነው፤ እንዲህ ብዬ ራሴን አባበልኩ።

በሦስተኛው ዓመት ከሌላ ጆንያ ውስጥ አንድ የተገነጠለ ነገር አወጣሁ። ወረቀቱ ያው፣ ፊደሉ ያው፣ ቅዳዱም ልክክ የሚል። የዚያው መጽሐፍ ሁለተኛ ግማሽ ነበር። የመጀመሪያው መስመር «እስካሁን የዘረዘርነው የሌሎች አስተያየት ነው፤ እኛ ግን በዚህ አንስማማም» ይላል። ቁጭ አልኩና ሳቅሁ፤ ከዚያ ሳቁ መልኩን ለወጠ። ጸሐፊው ቀጥሎ የሚናገረው አንተ በአባትህ ጫማ ውስጥ ቆመህ ያልከውን ነው። ትክክል የሚመዝን ሚዛን እንዴት እንደሚመዝን አያስረዳም፤ ነጋዴው ግን ያምነዋል፤ መንገዱ የማይስት ከሆነ በዚያ መንገድ የመጣው እውነት ዕውቀት ነው ይላል። እኔ በልጄ ላይ በግማሽ መጽሐፍ ፈርጃለሁ። መጽሐፍ የሚጠግን ሰው ካልሆነ እንዲህ ያለ ስሕተት ማን ይሠራል?

ሁለቱን ግማሾች ጠረዝኳቸው። የመጻሕፍት ቤቱ ኃላፊ ስትረከበኝ ገለጥ ገለጥ አድርጋ፣ «እኔ በመጀመሪያው እስማማለሁ፤ ሰው ሁሉ ‹ዝም ብዬ አውቃለሁ› ካለማ አለቀልን። ጠንቋዩስ የሚለው ይህንኑ አይደል?» አለችኝ። እሷም አልተሳሳተችም። ጠንቋይ ግን መቃን ላይ መስመር የሚጭርበት ልጅ የለውም አልኳት። ነገሩ አልገባትም፤ እኔም አላስረዳኋት።

ልጄ፣ መጽሐፉም ቢሆን ሰበብ ነው። እውነቱ ይኸውልህ።

ስድስት ተኩል ገደማ ሌላ እግር መጣ። ቀኝ ረገጥ፣ ግራ ሳብ። ሃያ ዓመት የሰማሁት እግር ነው። ወደ እኔ ይገባል ብዬ ጠበቅሁ። በበራችን አለፈ፤ ቀስ ብሎ፣ እንደ ሌባ፣ ዘጠኙን ደረጃ ወጣ። ከዚያ በላይ ያንተ ክፍልና ጣራው ብቻ ነው ያለው። በርህ ፊት ቆመ። አላንኳኳም፤ በሩንም አልከፈተም። እኔ የአንድ መጽሐፍ ጀርባ በሁለት እጄ ጨምቄ ይዤ እቆጥር ነበር፤ ሙጫው እስኪይዝ እስከ መቶ ይቆጠራል። መቶ ደረስኩ፤ እሱ እንደቆመ ነው። ትኩሳቱ ትንፋሽህን አክብዶት ስለነበር እኔ እንኳ ከታች ይሰማኝ ነበር። እሱም የቆመው ያንን ሊያዳምጥ ነው። እንደገና ከአንድ ጀምሬ አርባ ስደርስ ወረደ። ሲወርድ ይሮጥ ነበር።

ከመሄድህ በፊት «ለአንድ ብርጭቆ ብሎ ነው የሸጠኝ» ብለኸኛል። አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ አባትህ ገንዳውን ጥሎ ሊጠጣ እንደሄደ ስታስብ ኖረሃል። አልጠጣም። እንፋሎቱን ከፈተ፣ ሃያ ደቂቃ አለኝ ብሎ አሰበ፣ መተንፈስህን ሊሰማ መጣ፣ ደቂቃውን ረሳው። ማንም አላየውም። አንተ ተኝተህ ነበር። እኔ እጄ ሙጫ ውስጥ ነበር።

ለመርማሪው «የልጄን እግር አውቃለሁ» ብል ኖሮ፣ የሚቀጥለው ጥያቄ «ሌላስ ማንን ሰሙ?» ነበር። ለአንተ የመሰከረ ጆሮ በእሱ ላይም መመስከሩ አይቀርም። አንዱን እግር አምኖ ሌላውን የሚክድ ጆሮ የለም። ስለዚህ ሁለቱንም ካድኳቸው። አንተ ወጣት ነህ፣ ሌላ ሥራ ታገኛለህ፣ ትረሳዋለህ አልኩ። እሱ ግን ቢታሰር ከዚያ አይወጣም አልኩ። እንዲህ ሒሳብ ሠርቼ አንተን ሰጠሁ።

አባትህ እንደሰማሁት ያውቅ ነበር። እሱም እንዴት እንዳወቀ አልጠየቅሁትም። አሥራ አንድ ዓመት በአንድ ማዕድ በላን፤ ስለዚያ ቀን አንድም ቃል አልተነፈስንም። ሊሞት አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ ጥፍሮቹ ገና ሰማያዊ ነበሩ፣ «ጆሮሽ እንዴት ነው?» አለኝ።

«ደክሟል» አልኩት።

«ድሮ ግን ደህና ነበር።»

«ደህና ነበር» አልኩ። ዓይኑን ጨፈነ። የተነጋገርነው ይህ ብቻ ነው፤ ከዚህ በላይ አቅሙ አልነበረንም።

የቆጣሪ አንባቢው ሰውዬ ከመጣ ወዲህ አንድ ፍርሃት ያዘኝ። ጆሮዬ ዛሬ ከሳተ፣ ያን ቀን የነገረኝም ይፈርሳል? ሌሊት ሳይሆን ቀን ነው የማስበው፤ ሙጫ እያማሰልኩ። እንዲህ ታየኝ፤ ቁልፍ ዛሬ ቢዝግ፣ ትናንት የከፈተው በር አልተከፈተም አይባልም። ነገር ግን ቁልፉ ጨርሶ ሳይሰበር በሩ ክፍት እንደነበር መናገር አለብኝ። ስለዚህ ትናንት ሳቂታው ቤት ሄድኩ።

የሚኖረው ከዳቦ ቤቱ ጓሮ ነው። ገና ሳላንኳኳ፣ «እትዬ መጽሐፍ ጠጋኟ፣ ግቢ» አለኝ።

«በምን አወቅኸኝ?»

«በእግርሽ ነዋ። ሙጫ እንደረገጠ ሰው ትለጠፊያለሽ።» እንደ ድሮው ሳቀ።

«አንተንስ ሰው በምን አወቅህ ብሎ ያስጨንቅሃል?»

«ማን ያስጨንቀኛል? ዕውር ሲያውቅ ተአምር ነው፤ ዓይን ያለው ሲያውቅ ነው ምስክር የሚጠየቀው።»

ነገርኩት። ሁሉንም፣ ለአንተ በጻፍኩት ቅደም ተከተል። ሳቂታውን ሳይስቅ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው። ከዳቦ ቤቱ በኩል የመጋገሪያ ትሪ ሲጋጭ ይሰማ ነበር።

«ባልሽ በየእሑዱ ይመጣ ነበር» አለ። «አሥራ አንድ ዓመት። ጋዜጣ ያነብልኛል። ሲያነብ ደግሞ አይጣል ነው፤ የስፖርቱን ገጽ እንኳ እንደ መርዶ ነው የሚያነበው።»

እኔ ደግሞ እሑድ እሑድ ጋዜጣውን በብብቱ ይዞ ሲወጣ ሊናፈስ የሚሄድ ይመስለኝ ነበር። ከደረጃው በታች ጆሮዬ አይከተለውም ነበር።

«ታውቅ ነበር ማለት ነው?» አልኩት።

«ሰው በልጁ ጥፋት አሥራ አንድ ዓመት አይመላለስም፤ በራሱ ጥፋት ነው እንጂ። እንዲህ እያልኩ እገምት ነበር። ማወቅ ግን አላወቅሁም።» ከዚያ መሳቅ ጀመረ። «ጉድ እኮ ነው። እኔ ማስረጃ ነበረኝ፣ አላውቅም። አንቺ ማስረጃ የለሽም፣ ታውቂያለሽ። ሁለታችንን ሰፍተሽ ጠርዢና አንድ ሰው ይውጣን።»

ስነሳ እጄን ይዞ፣ «መተንፈሱን ሊሰማ ነው ያልሽው?» አለኝ።

«አዎ።»

«አንድ ቀን እንኳ አልነገረኝም። ለልጁ ጻፊለት። ዓይኔን ከአባቱ አልፈልግም በይልኝ።»

ይኸው ብዬልሃለሁ።

ለፋብሪካውም በሁለት ገጽ ጽፌ ሰጥቻለሁ። የተቀበለኝ ጸሐፊ ያን ጊዜ ገና ሕፃን ነበር መሰለኝ። አንብቦ ሲጨርስ «በምን አወቁ?» አለኝ። «ሰማሁ» አልኩት። እሺም እንቢም ሳይል ማኅተም መታበት። ሁለተኛው ቅጂ ከዚህ ጋር አለ።

አሁን የተጋደመችው መስመር። ዘጠኝ ዓመትህ ነበር፤ ሳምንቱን ሙሉ ተሸንፈህ ልትተወው ነበር። በዚያ ምሽት ካልሲ ብቻ አድርገህ፣ ግድግዳ ግድግዳውን ይዘህ ስትወጣ ሰማሁህ። ከሦስተኛው ደረጃ ጀምሮ አውቄህ ነበር። «የታችኛው ቤት ልጅ ነህ» አልኩ። ገብተህ ጨፈርክ፤ አባትህ እንኳ ከወንበሩ ተነስቶ አጨበጨበልህ። አልሳትኩም ነበር፣ ልጄ። ደስ እንዲልህ ብዬ ነው። መርማሪው «ተሳስተው ያውቃሉ?» ሲለኝ ያችን ጨዋታ እንደ እውነት አድርጌ አቀረብኳት።

ይህን የምነግርህ ስለ አባትህ የነገርኩህ ነገር ሁሉ በእኔ ጆሮ ላይ የተንጠለጠለ ስለሆነ ነው። ሌላ ማስረጃ የለኝም። ስለ እሱ የምሰጥህ ውርስ፣ በርህ ፊት የቆመባት ያቺ መቶ አርባ ቁጥር ብቻ ናት። መቃኑ ላይ የጫርካቸው መስመሮች ዕውቀት ናቸው ካልክ ውሰዳት። አይደሉም ካልክ የአንዲት አሮጊት ሕልም ብለህ ተዋት፤ አልቀየምህም። የምትመዝነው አንተ ነህ፤ ሚዛኑንም የሠራኸው አንተ ነህ።

ለራሴ ይቅርታ አልጠይቅህም። ብጠይቅህ ለመመለስ ትቸገራለህ፤ ማስቸገሬ ይበቃል።

የምትመጣ ከሆነ ቀኑን አትጻፍልኝ፤ ከታችም አትጥራኝ። ዝም ብለህ ውጣ። ትንሿን በራሷ እግር አስወጣት፤ ቢዘገይም ይዘግይ፣ አትሸከማት። ከውስጥ ስምህን ከጠራሁ ጥሩ። ካልጠራሁ፣ ወይም በሌላ ሰው ስም ከጠራሁህ፣ ያን ጊዜ በእውነት ስቻለሁና አትዘንብኝ፤ ግባ። በሩ አይቆለፍም።

መንገድህ ሁሉ የሚረገጥ ይሁን፤ የምትደገፈው አይክዳህ። ልጅህ ስትተኛ ትንፋሽዋን የሚያዳምጥላት አትጣ። ሚስትህን በእኔ ፈንታ ግንባሯን ሳምልኝ።

እናትህ

ጨምሬ፦ ይህን ከማሸጌ በፊት ሚስማር ይዤ ወደ መቃኑ ሄድኩ። የተጋደመችዋን ላጠፋት ፈልጌ ነበር፤ እንጨቱን ገብታበታለች፣ እንቢ አለች። ስለዚህ በላይዋ የቆመ መስመር ጫርኩባት። ቀጥ አላለም። አሁን የመደመር ምልክት ትመስላለች። ስትመጣ እንደፈለግህ ቁጠራት።